በወረቀት ስልሳ አምስት

እሑድ፣ መስከረም 14 ቀን 2004

ዛሬ የእድራችን ስብሰባ ላይ ጋሽ መርዕድ አንድ ሐሳብ አመጡና ቤቱ ታመሰ። ሊቀመንበራችን ናቸው፣ ሰባን አልፈዋል፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ ባገለገልኩባቸው ሃያ ዓመታት ከአፋቸው የሰማሁት "ሰዓት ይከበር" እና "አንድ በአንድ ተናገሩ" ብቻ ነበር። ዛሬ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ተነሡ።

"እኛ ሰው እስኪሞት እየጠበቅን ነው የምንረዳው" አሉ። "አስከሬን አገር ቤት ለመላክ አቅም አለን፤ በቁሙ ብርድ ለሚያንዘፈዝፈው ሽማግሌ ግን የለንም። ከየወሩ መዋጮ ሲሶውን እንለይና ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው አባል ተቆራጭ እናድርግለት። እንደ ጡረታ።"

ታክሲ ነጂው ሀምዱ፣ "ጋሼ ሙት ያድርገኝ፣ ሬሳዬን በአውሮፕላን ከምታንፈላስሱ በቁሜ ማሞቂያዬን አብሩልኝ!" ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። ደንብ ስለሚለወጥ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። በምሥጢር፣ በወረቀት፣ ኅዳር 3 ቀን ይሰጣል ተባለ።

ቃለ ጉባኤ ስይዝ ቀና ብዬ አላይም። ግን አንዱ "ዕድሜ በምን ይታወቃል?" ብሎ ጠየቀ፣ ጋሽ መርዕድም "በፓስፖርት ነዋ" አሉ። ያን ጊዜ ቀና አልኩ። አብሮ አደጌ ጽጌ ከፊት ወንበር ላይ ሆና ታጨበጭባለች።

አጨብጭቢ እንጂ! ለምን አታጨበጭቢ።


ማክሰኞ፣ መስከረም 16

43 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ገና አልነጋም። ሙርጌት የማጸዳው ሦስት ፎቅ ቢሮ ይጠብቀኛል፣ ሁቨሩም፣ መጥረጊያ ማሽኑ፣ ደህና አይስብም። ጽጌ አሁን ሃርልስደን ቤቷ፣ ሞቅ ያለ አልጋዋ ውስጥ ናት። እስኪበቃት ትተኛለች።

ጡረታ ከወጣች አምስት ዓመቷ። አምስት ዓመት ሙሉ በነፃ አውቶቡስ፣ በነፃ ባቡር። ማክሰኞ ዋና፣ ሐሙስ አትክልት ቦታ። ባለፈው ሳምንት ቲማቲም ይዛልኝ መጣች፣ "በእጄ የተከልኩት ነው ኤልፍዬ" ብላ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር፤ መጣፈጡም አናደደኝ።

ይህን እንኳ ለራሴ ልጻፈው፤ ሌላ ለማን እናገራለሁ። ጽጌና እኔ እኩያ ነን። አንድ ሰፈር ያደግን፣ ሰባተኛ ክፍል አንድ ዴስክ የተቀመጥን፣ ሁለታችንም በኛ አቆጣጠር የአርባ ስድስት ልጆች። የኔ ወረቀት 1954 ይላል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትክክል ነው። የሷ ግን 1946 ይላል። የሐበሻው ዓመት ሳይቀየር እንዳለ ገብቶ ስምንት ዓመት አስረጃት። ስደት ስንገባ፣ ቅጽ ሲሞላ፣ የተፈጠረ ስሕተት ነው። በስንቱ ሰው ላይ ተፈጥሯል። እኔ ሃምሳ ሰባት ነኝ፤ እኩያዬ እዚህ እንግሊዝ አገር ስልሳ አምስት ናት።

ወገቧ ሳይጎብጥ እግሯ ሳይዝል በጡረታ ትዋኛለች። እኔ ጉልበቴን በዘይት እያሸሁ ደረጃ እወጣለሁ።

አሁን ደግሞ እድሩ ሊጨምርላት!


ማክሰኞ፣ መስከረም 23

ጋሽ መርዕድ ደወሉ። "ኤልፍነሽ ልጄ፣ ስልሳ አምስት የሞላቸውን ከመዝገብ አውጪልኝ።"

አወጣሁ። አሥራ አንድ ሰው። የመጀመሪያዋ እማማ ወርቅዬ ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ካፖርት ለብሰው የሚተኙ። መጨረሻ ላይ ጽጌ። ስሟን ስጽፍ እስክሪፕቶው ወረቀቱን ቀደደው። በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት።


ማክሰኞ፣ መስከረም 30

ልጄ ሄራን ዛሬ ጡረታዬን በኮምፒውተር ቼክ አደረገችልኝ። መንግሥት የሴቱን ጡረታ እንደገና ሊገፋው ነው ይባላል። ድሮ ስልሳ ነበር። አሁን ያንን እርሺው።

"ማሚ፣ ሕጉ ካለፈ ማርች 2019 ነው። ሶሪ።"

2019! ስምንት ዓመት ሊሆን ምን ቀረው። ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው። ጽጌን ያስቀደማት ስምንት ዓመት እኔን ሊያስጠብቀኝ።

ሄራን ጃኬቷን አነሣች።

"የት ነው?"

"ጽጌዬ ጋ።"

"ምን አለ እዚያ?"

"ምንም። ላወራት ብዬ ነው። ስለ ሥራ፣ ስለ ምናምን።"

"እኔ አፍ የለኝም? ጆሮ የለኝም?"

"አለሽ ማሚ። ግን ሁልጊዜ ደክሞሻል።"

ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ያሳደግኳት እኔ፣ ሌሊት ተነሥቼ የምጠርገው ለሷ፤ የልቧን የምታዋየው ከጽጌ ጋር። ጽጌማ ጊዜ አላት። ልጄንም በጡረታዋ ወሰደችብኝ።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።


እሑድ፣ ጥቅምት 5

ጽጌ ከጋሽ መርዕድ ጋር ቤት ለቤት ትዞራለች፣ "ደግፉ" እያለች። የኔን በር ግን ብቻዋን ነው ያንኳኳችው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ እንደ ቤቷ።

"ኤልፍዬ፣ ላንቺ ቅስቀሳ አያስፈልግም ብዬ ነው የዘገየሁት" አለች። "ለኔ እንዳይመስልሽ። እማማ ወርቅዬ ማሞቂያ አጥፍተው ነው የሚውሉት፣ ትናንት እጃቸውን ብትነኪው..."

"ስምሽ ዝርዝሩ ላይ አለ" አልኳት።

"የኔን እዚያው ለሳቸው እሰጣለሁ።"

ምን ትለዋለህ እንዲህ ያለውን ሰው! ደግነቷ ራሱ መፎከር ይመስለኛል። ከተለየችኝ በኋላ አዳራሹን ልቆልፍ ሄድኩ፣ ኩሽናው ውስጥ ሁለት ሴቶች ሳህን እያጠቡ ያወራሉ። "ጽጌ ባትኖር ይህ እድር ምን ይውጠው ነበር?" ትላለች አንዷ። "ጸሐፊዋስ አለች አይደል?" አለቻት ሌላዋ። "ኤዲያ! እሷማ ስትስቅ አይቻት አላውቅ።"

ሃያ ዓመት ጻፍኩላቸው። ሳቅ በመዝገብ አይገባም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

በሥራ ዕረፍት። አሥር ደቂቃ።

ወሰንኩ። በስብሰባው አነሣዋለሁ። በፓስፖርት ሳይሆን በእውነተኛው ዕድሜ ይሁን እላለሁ። የደንብ ጉዳይ ነው፣ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ስም አልጠራም።

ለአሥሩ ሽማግሌዎች ብዬ ነው። አንድ ሰው ሲቀነስ ለሌሎቹ ይበረክታል።

ስም አልጠራም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ሄራን ቁርስ ላይ ድንገት፣ "ማሚ፣ ጽጌዬ ለምን ልጅ እንዳልወለደች ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

"እግዜር አልሰጣትማ።"

"ኖ። ሕክምና ጠይቃ ነበር፣ ሆስፒታሉ ዕድሜሽ አልፏል አላት። በወረቀት አርባ አራት ነበረች። ሲሪየስሊ ማሚ፣ በአንድ ቁጥር! ያኔ ስትገባ ቅጹን የሞላው አስተርጓሚ ነው ይህን ያደረገው፣ ስሙን እንኳ አላውቀውም ትላለች። ባሏም በዚሁ ነው ጥሏት የሄደው።"

ሽንኩርት ልከትፍ ተነሣሁ። ለምሳ ገና ነበር።

ያን ቀን ሆስፒታል አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነበር። ሐኪሟ ያለችውን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሰው ሊያስተረጉም ሲሄድ የተባለውን ይናገራል እንጂ ከራሱ አይጨምርም። ሄራን ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ጽጌ ስንወጣ ሕፃኗን ተቀብላኝ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ይዛት ሄደች። ከባድ ልጅ ነበረች።

ከዚያ ወዲያ ሄራንን የኔም የሷም እያልን አሳደግን። ይህን ሁሉ ያመጣሁት ከጡረታው ጋር ምን አገናኘው። ሁለት የተለያየ ነገር ነው።


ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ሕጉ ትናንት ጸደቀ። 2019 ነው፣ አለቀ።

ማን ደወለ? ጽጌ! "አይዞሽ እህቴ፣ ጉልበትሽን ተንከባከቢ። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣሽ አብረን እንዋኝ፣ ውኃው ለጉልበት ጥሩ ነው።"

ማክሰኞ! ማክሰኞ እኔ የሰው ቆሻሻ እየጎተትኩ ነው እኮ! አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያ ትራሱን በቡጢ መታሁት፣ በዚህ ዕድሜዬ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምታዝንልኝ ማን ሆና ነው? ያንን ዕረፍት ያገኘችው በማን ምክንያት ሆነና!

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ማንም አያነበውም።


እሑድ፣ ኅዳር 3

እንደምንም እጽፋለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሄራን ሳትቀር መጥታ ከጽጌ ጎን ተቀምጣለች። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ በእጃችን። ጋሽ መርዕድ "ከድምፁ በፊት አስተያየት ያለው?" አሉ። እጄን አወጣሁ። ጸሐፊ እጅ ሲያወጣ አይተው ስለማያውቁ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

"በፓስፖርት ከሆነ የማይገባው ሰው ይወስዳል" አልኩ። "በእውነተኛ ዕድሜ ይሁን።"

"ማን ነው የማይገባው?" አሉ ጋሽ መርዕድ።

"ስም አልጠራም።"

ሀምዱ ከኋላ ተነሣ። "ስም ካልጠራሽማ ሁላችንንም ነው የሰደብሽው!" ልክ ነበር። እዚያ ቤት ግማሹ ሰው ልደቱ በወረቀት ጃንዋሪ አንድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመትም ከእናቱ ከሰማው ጋር አይገጥምም። ጉርምርምታ ተነሣ። እማማ ወርቅዬ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እኔን ይሆን እንዴ? እኔ ልጄ ወረቀቴን ይዤ መጥቻለሁ" ብለው ቦርሳቸውን መክፈት ጀመሩ። እሱን ማየት አልቻልኩም።

"እርስዎን አይደለም እማማ" አልኩ። "ጽጌን ነው። ጽጌ ስልሳ አምስት አይደለችም። ሰባተኛ ክፍል አብራኝ ነበረች!"

ሄራን "ማሚ!" ብላ ጮኸች። ጽጌ አልተንቀሳቀሰችም።

"ይህ ከባድ ነገር ነው ኤልፍነሽ" አሉ ጋሽ መርዕድ። "ማስረጃ አለሽ?"

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። "ማስረጃው እኔ ነኝ! ቅጿን የሞላሁላት እኔ ነኝ!" አልኩ። በኩራት አልኩት። የማርያም ያለህ፣ በኩራት!

ጽጌ ቀስ ብላ ተነሣች። አልተቆጣችም፤ መንገድ የሚጠይቅ ሰው ትመስል ነበር።

"አስተርጓሚው አልነበረም?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ አግዳሚው ላይ ተኝቼ፣ ወባው ይዞኝ።"

"አዎ።"

"የራስሽንም በዚያው ቀን ነው የሞላሽው?"

"አዎ።"

"የራስሽን ቀይረሽ ጻፍሽው?"

ዓይኔን ወደ መዝገቡ መለስኩ። ሄራን አየችኝ። እያሰላች መሆኗ ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ስምንቱን፣ አርባ አራቱን፣ ሁሉንም።

ጋሽ መርዕድ ጠረጴዛውን መቱት። "ይህ ነገር ከዚህ በር አይወጣም። የእድር አምላክ ይፍረድ፣ ያወጣ ከኛ አይደለም። ወደ ድምፅ!"

ሠላሳ ስምንት ደገፈ፣ አሥራ አራት ተቃወመ። አለፈ። ሰው አጨበጨበ፣ እማማ ወርቅዬ አለቀሱ። አንድ ወረቀት ባዶ ነበር። የማን እንደሆነ ጸሐፊዋ አታውቅም።

ጽጌ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። "ስሜን ሰርዢው" አለች። እስክሰርዘው ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ሄራንን ይዛ ወጣች።


ሰኞ፣ ኅዳር 4

ሥራ ቀረሁ። በሃያ አምስት ዓመት ሁለተኛዬ ነው።

እንደ ነበረው ልጻፈው። ስደተኛ መመዝገቢያው ቢሮ ሁለት ቅጽ ሰጡን። ጽጌ ትኩሳት ላይ ነበረች፣ የሷን ቀድሜ ሞላሁላት፣ 1946 ብዬ። አስተርጓሚው ሰብስቦ መስኮቱ ውስጥ አስገባው። የራሴን ልጀምር ስል ከጎኔ የነበረ ሰው፣ "እህት፣ በነሱ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ አለዚያ ታረጃለሽ" ብሎ ሳቀ። የራሴን 1954 አልኩ። የሷን መልሱልኝ ለማለት መስኮቱ አምስት እርምጃ ነበር። ግን ሁለት ቃል ተናገሩ ብለው እንዳይመልሱን ፈራሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ነበር። ከዚያ እሷ በአስተርጓሚው ስታማርር ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

በሆስፒታሉም ዝም አልኩ። ያኔ ብናገር "ለምን እስከ ዛሬ?" ትለኝ ነበር። እሱን ፈራሁ። ለአንዲት ጥያቄ ስል።

ደግሞ አምስት ዓመት የቀናሁባት! ጡረታዋን በገዛ እጄ ጽፌ ሰጥቻት፣ በሱ ምክንያት ያጣችውን እያየሁ፣ በቲማቲሟ የቀናሁ እኔ ነኝ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ሄራን አልተመለሰችም። ሃርልስደን ነች። ስደውል ታነሣለች፣ "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ትዘጋለች።

አሁንም ቀናሁ እኮ። በዚህ ሰዓት አብረው ምን እየበሉ ይሆን እያልኩ። ይህ በሽታ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ጋሽ መርዕድ ደወሉ። "ያንን ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንዳታስገቢው። ወረቀት ነው፣ ነገ የማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፣ ጽጌ ትጎዳለች።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። ቀለል አለኝ። ለሷ ብዬ ነው።

ለሷም ብዬ ነው።


እሑድ፣ ኅዳር 17

ቃለ ጉባኤውን ቆሜ አነበብኩ። "ጸሐፊዋ ስለ ዕድሜ አወሳሰን አስተያየት ሰጥታለች፤ ቤቱ ሐሳቡን አልተቀበለውም።" ይኸው ነው። አንድ መስመር። ጋሽ መርዕድ "የሚቃወም?" አሉ፤ ማንም የለም። "የሚደግፍ?" ሲሉ እጆች ወጡ። የጽጌም እጅ ከኋላ ወንበር ወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩ።

ለእማማ ወርቅዬ የመጀመሪያው ተቆራጭ ተሰጣቸው። ሰው መረቃቸው፣ እሳቸውም ሰውን መረቁ። ጽጌ ምርቃቱ ሳያልቅ ወጣች። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ትቼ ተከተልኳት።

ሆሎዌይ ሮድ ፌርማታው ላይ ደረስኩባት። ይዘንባል። ጃንጥላ ይዛለች፤ እኔ አልያዝኩም። ወደ እኔም አላዘነበለችው፣ ወደዚያም አልሸሸችም።

"ቀይሬ ነው የጻፍኩት" አልኳት። "የራሴን። አንድ ሰው ነገረኝ። ያንቺን መልሱልኝ ለማለት ፈራሁ።"

መንገዱን ታያለች።

"ሆስፒታል ስንሄድስ?" አለች። "ያቺ ሐኪም አርባ አራት ስትል፣ አንቺ ለኔ አርባ አራት ብለሽ ስትነግሪኝ፣ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። ብላትስ ምን ያደርግላታል። አውቶቡሷ መጣ። ጃንጥላዋን አጥፋ ወጣች፤ ሹፌሩ አጠገብ ቆም አለችና ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ ባይ ደስ ባለኝ።

"ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር እኮ፣ ኤልፍዬ" አለችኝ። በሩ ተዘጋ።